ክብ ማዕዘን

ሁለተኛውም እንጨት ቋ ብሎ ተሰበረ።

ልጅቷ ስባሪውን እንደያዘች ኮሪደሩ ወለል ላይ ቁጭ አለች። የቀረው አንድ ነው። አባቷ ሦስት ጌጠኛ እንጨት ትቶላት ሲሄድ «አንዱ ለመሳሳት፣ አንዱ ለመናደድ፣ አንዱ ለሥራው» ብሏት ነበር። ያኔ ቀልድ መስሏት ስቃለች።

አባቷ አናጺ ነው። ሩቅ ከተማ ውስጥ በሚሠራ አዲስ ሆቴል በር ሲገጥም አራት ወሩ። ከግድግዳው ግርጌ ቤቱን የሚዞረውን የእንጨት ጌጥ አብረው ነበር የጀመሩት። ቀጥ ቀጡን ጨርሰው ኮሪደሩ ወደ ሳሎን የሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ስልክ ተደወለለትና ሻንጣውን አነሳ። ማዕዘኑ ክብ ነው። ሹል እያለ እናቷ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ዳሌዋን እየመታት ስላማረረች፣ ለሳኙ አድቦልቡሎ ለሰነው። አባቷ «ለእሷ አቀለለላት፣ ለእኔ አከበደብኝ» እያለ አጉረምርሞ ነበር። ያቺ አንድ ክንድ የማትሞላ ቦታ እስካሁን ባዶዋን ናት።

እናቷ ነርስ ናት። አንዷ ስትገባ አንዷ ትወጣለች። ሰሞኑን የሚነጋገሩት ማቀዝቀዣው ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ነው። የዛሬው «ምሳሽን አሙቂው። ቁልፍ እንዳትረሺ» ይላል። ልጅቷ ከሥሩ «እሺ» ብላ ጽፋበታለች።

ትናንት አባቷ ደውሎ ነገሩን እንደ ዋዛ ነበር ያነሳው።

«ስሚማ አለቃ፣ ፎርማኑ ቅዳሜና እሁድ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። ያቺ ማዕዘን እምቢ ካለችሽ ሰበብ አገኘሁ ማለት ነው፤ አርብ ተሳፍሬ መጥቼ እገጥማታለሁ። ከሆነችልሽ ግን እዚሁ ልቆይ። ሥራው ሁለት ወር ነው የቀረው፣ ሲያልቅ እመጣለሁ። ነገ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ፣ ቁርጡን ንገሪኝ።»

«እሺ» አለችው። እሺ ማለት ይቀናታል።

ታዲያ ለምን መጋዝ አነሳች? እጇን አጣጥፋ ብትቀመጥ አባቷ ይመጣ ነበር። ግን «እምቢ ካለችሽ» ሲል፣ እምቢ እንደምትላት ቀድሞ ያወቀ መሰላት። ያ ከነከናት።

ሁለተኛው እንጨት ሲሰበር ግን ንዴቷ ወደ ሌላ ሐሳብ ዞረ። ስባሪውን ማዕዘኑ ላይ አስደግፋ ፎቶ አነሳችው። ከሥሩ «እምቢ አለችኝ» ብላ ጻፈች። አልላከችውም። ስልኩን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ሦስተኛውን እንጨት አየችው።

የመጀመሪያውን በደረቁ ልታጥፈው ስትል ነው የሰበረችው። ሁለተኛውን አባቷ እንደነገራት እንዲታጠፍላት ጀርባውን በየሴንቲ ሜትሩ በመጋዝ በጣችው፤ በዓይኗ ግምት ስለሄደች ግን ፊቱ ድረስ ዘለቀች። አሁን አንድ ነገር ትዝ አላት። አባቷ ጥልቀቱን እንዳያልፍ መጋዙ ላይ ምልክት ይለጥፋል። ከእናቷ መሳቢያ የቁስል ፕላስተር አወጣችና ከመጋዙ ጥርስ ትንሽ ከፍ አድርጋ ለጠፈችው። ፕላስተሩ እንጨቱን ሲነካ ታቆማለች። አሥራ ዘጠኝ ቦታ በጣችው፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ አቆመች።

ፎጣ በፈላ ውኃ ነክራ እንጨቱን ጠቀለለችው። «ጠብቂ» አለች ለራሷ ጮክ ብላ። ከማቀዝቀዣው በቀር በቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው ነገር አልነበረም።

የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ጫፉን ይይዛል፣ ሌላው ያጥፋል። እሷ ኮላውን ቀብታ አንዱን ጫፍ በጉልበቷ ግድግዳው ላይ አጣበቀችው። ምስማሮቹን በከንፈሯ ይዛ እንጨቱን በመዳፏ ቀስ እያለች ገፋችው። እንጨቱ ሲጥ አለ። አቆመች። እንደገና ገፋች። ዞረ።

የመጨረሻዋን ምስማር መትታ ስታበቃ አውራ ጣቷን ከዳር እስከ ዳር አስኬደችው። ጥፍር የምታስገባ ክፍተት የለም። ቀና ብላ ዙሪያዋን አየች። «ነይ እዪ» የምትለው ሰው አልነበረም።

ስልኩ ጠራ።

«እሺ አለቃ፣ ምን ተባለ?» ከአባቷ ኋላ መዶሻ ይሰማል።

«ሁለቱን ሰበርኳቸው።»

«ብዬሽ ነበር እኮ። መሳሳትም መናደድም ተከናወነ። ሦስተኛውስ?»

ስባሪው እግሯ ሥር ነው። ፎቶውም ስልኩ ውስጥ አለ። ቃሉ እንኳ ተጽፎ አልቋል።

«ሄሎ? አለሽ?»

«አለሁ።» ጣቷ ማዕዘኑ ላይ ነበር። ኮላው ገና አልደረቀም። «ሦስተኛው ሆነ።»

«አትቀልጂ።»

«ጥፍር አያስገባም።»

«ያንን ጫፍ ማን ያዘልሽ?»

«ጉልበቴ።»

አባቷ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ድንገት አቆመ። «ብቻሽን ነሽ እንዴ?»

ስባሪውን በእግሯ ገፋ አደረገችው።

«ጎበዝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በይ እንግዲህ፣ ለፎርማኑ እቆያለሁ ብዬ ልንገረዋ።»

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«ማዕዘኗ አልቃለች። አንተ ግን ና።»

በወዲያኛው በኩል መዶሻው ቀጠለ። «እሺ፣ ግድ የለም፣ ሥራህን ሥራ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ መጣ። ዋጠችው። ጀርባዋን ክቡ ማዕዘን ላይ አስደግፋ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ጥብቅ አድርጋ መልሱን ጠበቀች።