ዘጠና ካሎሪ

የሟቿ ፊት እስካሁን በየሱቁ ይስቃል። የክሬም ኩባያ ክዳን ላይ ታትማ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ ከጉንጯ ሥር በቀይ ቀለም «90 ካሎሪ ብቻ» ተጽፎላት፣ በየማቀዝቀዣው ተደርድራ ትስቃለች። መርማሪዋ ወደ ሟቿ ቤተሰብ የክሬም ፋብሪካ ስትሄድ ሦስት ሱቆች አለፈች፤ በሦስቱም መስታወት ውስጥ ሟቿ ስቃባታለች። በዚያው ሰዓት ሬሳው ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሐኪሙም የሞት ወረቀቱን አልፈርምም ብሏል።

ምክንያቱን በስልክ ነበር ያስረዳት።

«ሴትዮዋ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። የሞተችው ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዶ ነው። እናትየው ደግሞ አንድ ተኩል ኩባያ ጣፋጭ ክሬም በልታለች ይላሉ። ያን ያህል ጣፋጭ በልቶ ስኳሩ ወርዶ የሞተ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።»

«ኢንሱሊኑን አብዝታው ይሆን?»

«አብዝታዋለች። መውጊያው የመጨረሻውን መጠን ያሳያል፤ ስምንት ዩኒት ነው። ክዳኑ ላይ ለተጻፈው ቁጥር ሦስት ይበቃት ነበር። ዕድሜ ልኳን ራሷን ስትወጋ የኖረች ሴት በስምንትና በሦስት አትሳሳትም።»

መርማሪዋ ነገሩ ገባት፤ ራሷን አጥፍታለች ማለቱ ነው።

የሥራ ባልደረቦቿ መርማሪዋን «ወንፊት» ይሏታል። የነገሯትን ሁሉ እሺ ብላ ትቀበልና ገለባው ብቻውን እስኪቀር ድረስ ታንገዋልለዋለች። ስሙን አትወደውም፤ ሲጠሯት ግን አቤት ትላለች፤ ሰው ከወጣለት ስም ጋር ተጣልቶ የት ይደርሳል?

ፋብሪካው ፋብሪካ ይባል እንጂ አንድ ሰፊ ወጥ ቤት፣ አንድ ቀዝቃዛ ክፍልና አንድ የቅምሻ ክፍል ነው። ሟቿ የሞተችው በቅምሻ ክፍሉ ውስጥ ነው። እናትየው ከዚያን ቀን ጀምሮ በሩን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ሰው እንዲጠርገው እንኳ አልፈቀዱም። ወንፊት ስትመጣ በሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ፖሊሷ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ። ነፍሷን ይማር።»

«ይማር። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላውን ለራስሽ ያዢው። ልጄ ናት ራሷን ያጠፋችው ወይስ እኔ ነኝ ያጠፋኋት?»

ወንፊት ባዶ ማጽናኛ አትወድም። «እነግርዎታለሁ» አለቻቸውና እጇን ለቁልፉ ዘረጋች።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ በኩባያ የተሞላ ማቀዝቀዣና አንድ ማንኪያ አለ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ክዳናቸው የተገለጠ ኩባያዎች፣ አንዱ የተጨረሰ፣ ሌላው ግማሽ። የተገለጡት ክዳኖች ወደ ላይ ዞረው ሁለት ፈገግታ ወደ ጣሪያው ያያሉ። ወንፊት ሁለቱንም በጣቷ ደፋቻቸው፤ እየታየች መሥራት አትችልም።

ድንገት ከመሳቢያው ውስጥ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ስትል እናትየው በሩን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«የስኳር መለኪያዋ ነው። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደምሽን ለኪ ብሎ ይጠራታል። ሠራተኞቹ እናጥፋው ሲሉኝ አሻፈረኝ አልኩ። እየጠራት እንዴት አፉን እዘጋዋለሁ?»

ከዚህ ድምፅ በኋላ ክፍሉ ለወንፊት የቀዘቀዘ መሰላት። ጎንበስ አለች። ከመስኮቱ ሥር የጉንዳን መስመር ወጥቷል። ግድግዳውን ይዞ ወርዶ፣ በጠረጴዛው እግር አጠገብ አልፎ፣ በሩ ጋ ደርሶ ተከማችቷል። ከበሩ ደፍ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ላይ ወለሉ ጠቆር ብሎ ያጣብቃል፤ ጉንዳኑ የከበበው ያንን ነው። በጣቷ ነክታ አሸተተችው። ሻይ ነው።

ቀና ብላ ጠረጴዛውን አየችው። ክፍት ክሬም፣ ያውም ጣፋጭ። አንድም ጉንዳን አልወጣበትም።

«እማማ፣ የዚያን ቀን የሆነውን በእጅዎ ያሳዩኝ።»

«ስገባ ትንቀጠቀጣለች። ላብ በላብ ሆናለች። ‹እማዬ፣ ስኳር› አለችኝ። ድሮም እንዲህ ሲያደርጋት ጣፋጭ ስሰጣት ይመለስላታል። ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ኩባያ አወጣሁ።» እናትየው ወንበሩ አጠገብ ተንበረከኩ። ቀኝ ክንዳቸውን በሌለ አንገት ሥር አስገቡ፤ በግራ እጃቸው የሌለ ማንኪያ አነሡ። «እንዲህ አድርጌ አጎረስኳት። ቀምሼዋለሁ እኮ፣ ማር ነው! ግማሽ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ተገለበጠ። ስኳር አብዝቼባት ነው፣ አይደል? ጠላቷን በእጄ አጎረስኳት።»

«ጀርባዎ ወደ በሩ ነበር?»

«ወደ በሩ።»

«በግራ እጅዎ እንዳጎረሷት ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። እጄን ማን ጠይቆኝ?»

ወንፊት ደግፋ አነሣቻቸው።

በዚያ ቀን ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ ሕንፃው ውስጥ ሊገኙ የሚችሉት ሌሎቹ ሰዎች ሦስት ናቸው። አንድ በአንድ አስጠራቻቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም ሻይ አስቀረበች፤ ስኳሩን ለብቻ።

መጀመሪያ ክሬሙን የሚሠሩት ሽማግሌ ገቡ፤ የጡረታ ዕድሜያቸው ያለፈ ሰው ናቸው። ሻዩን እንዳለ ፉት አሉት።

«ስኳር አይወስዱም ጋሼ?»

«ስኳር ውስጥ ስዋኝ እውላለሁ፤ ሽታው ይበቃኛል።»

«ክሬሙ ውስጥ ምን ያህል ይገባል?»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሹ። «ድሮ ጥቂት ነበር። አልሸጥ አለ። ‹ጨምር› ተባልኩ፣ ጨመርኩ። ደግሞ ‹ጨምር› ተባልኩ። ክዳኑ ዘጠና ይላል፤ እኔ ክዳን አላትምም። እትዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በመጨረሻ ነቃች። ‹ጋሼ፣ ክዳኑን አምኜ ስወጋ ስኳሬ ሰማይ ይወጣል፤ ደሜና ክዳኑ አልተስማሙም› አለችኝ። ያኔ ነው ሁሉንም የነገርኳት።»

«ጨምር ያለዎት ማን ነው?»

«ታናሽ ወንድሟ ነዋ፤ ምርቱ በእሱ እጅ ነው።» ብርጭቆውን አስቀመጡና ጨመሩ፦ «አንድ ነገር ከንክኖኛል። ሰኞ ጠዋት ስገባ ማደባለቂያው ታጥቧል። መቅዘፊያው ግን የተገጠመው ተገልብጦ ነው። እሑድ ሥራ የለም። ማን ነካው?»

ቀጥላ የምግብ ባለሙያዋ ገባች። ሠራተኛው «ካልኩሌተር» ይላታል፤ ደህና አደርሽ ቢሏት አስልታ የምትመልስ ዓይነት ሴት ናት። የጠጣችው ሙቅ ውሃ ብቻ ነው።

«ዘጠናውን ያሰላሽው አንቺ ነሽ?»

«በተሰጠኝ አሠራር ነው ያሰላሁት። አሠራሩ ሲቀየር ማንም አልነገረኝም።» ውሃውን ወደ ጎን ገፋች። «ሟቿ ባለፈው ሳምንት ጠራችኝና እንደገና አሰላን። ሁለት መቶ አሥር ወጣ፤ ትርፉ ሁሉ ስኳር ነው። ‹የኔን ፊት አይቶ የሚበላ ሌላ ስኳር በሽተኛ አለ› ብላ አለቀሰች። ማክሰኞ የምግብ ቁጥጥር ሰዎች መጥተው ከዚያ ማቀዝቀዣ ናሙና እንዲወስዱ እሷው ራሷ ጠርታቸው ነበር።»

የሞተችው ሰኞ ነው።

በመጨረሻ ወንድምየው ገባ። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ እናቱ ግን እስከ ዛሬ «ማሙሽ» ይሉታል፣ ሠራተኛውም ከኋላው እንደዚያው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። ለቅሶው የውሸት አልነበረም፤ ወንፊት ይህንን ወዲያው አየች። ሻዩ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ጨምሮ ሲያማስል ዘለግ ያለ ጊዜ ወሰደ።

«ሰኞ የት ነበርክ?»

«ማከፋፈያው መጋዘን። ስልክ ተደውሎልኝ ነው የመጣሁት።»

«እህትህ ክዳኑ ውሸት መሆኑን እንደምትናገር ታውቅ ነበር?»

«ተጣልተንበታል። ‹እታለም፣ ሃምሳ ሰው ሥራ ይፈታል› አልኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ።» ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘው። «አሁን እሷ የለችም። እማዬም ብትሆን በቁሟ ሞታለች። በግራ እጇ እያጎረሰቻት ልጇ እጇ ላይ ስትቀርባት… ይሄ ከህሊና ይወጣል?»

«አይወጣም» አለች ወንፊት ቀስ ብላ። ሌላ አልጠየቀችውም።

ሲወጣ ከማቀዝቀዣው ጥቂት ኩባያዎች ወሰደች። አንድ ደግሞ ከሱቅ ገዛች። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ቀንሳ ጉንዳኖቹ መንገድ ላይ አስቀመጠችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። የተረፈውን ላቦራቶሪ ላከችው።

መልሱ እንደመጣ ሁሉንም ቅምሻ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ሻይ ቀረበ። ወንድምየው ብርጭቆውን አንሥቶ ስኳር ሳይጨምር ተጎነጨ።

«ዛሬስ ስኳሩን ተውከው?»

«አልፈለግሁም።»

«ጥሩ» አለችና ሁለት ኩባያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሁለቱም ክዳን ላይ ያችው ፊት ትስቃለች። «ይህ ከሱቅ ነው፤ ይህ ከዚህ ማቀዝቀዣ። ሁለቱንም ቀምሻቸዋለሁ፤ ለይቼ አላውቃቸውም። ጉንዳን ግን ለየ። የሱቁን ወረረው፤ የዚህን ረግጦት አለፈ። ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ምላስን ያታልላል፣ ጉንዳንን ግን አላታለለም። ላቦራቶሪውም ከጉንዳኑ ጋር ተስማምቷል። የሱቁ ሁለት መቶ አሥር ነው። የዚህ ማቀዝቀዣ ኩባያዎች ግን ልክ ዘጠና ናቸው፤ የወተት ቅባት አለባቸው፣ ስኳር የሚባል ነገር የለባቸውም።»

«ዘጠና?» አለች ካልኩሌተር። «እንዴት ይሆናል?»

«የቁጥጥር ሰዎቹ ሊመጡ ነዋ። አንድ ሰው እሑድ ብቻውን ገብቶ፣ ክዳኑ እውነት እንዲናገር አድርጎ ሠራቸው። ማሽኑንም አጠበና መቅዘፊያውን ገልብጦ ገጠመው። በዚህ ቤት ታሪክ ክዳኑ ያልዋሸው በእነዚህ ኩባያዎች ላይ ብቻ ነው።» ወደ እናትየው ዞረች። «እማማ፣ ልጅዎ ሰኞ ዕለት ለምሳዋ ከዚህ አንዱን አነሣች። ክዳኑን ማመን ትታለች፤ እውነተኛውን ቁጥር አስልታለች። ለሁለት መቶ አሥሩ የሚበቃውን ስምንት ወጋች። ሒሳቧ ትክክል ነበር። ኩባያው ውስጥ ግን ስኳር አልነበረም። ራሷን አላጠፋችም። እርስዎም አላጠፏትም፤ በልጅዎ አፍ የከተቱት ስኳር አልነበረም።»

እናትየው በረጅሙ ተነፈሱ። ፊታቸው ላይ እፎይታ የመሰለ ነገር መጣ፤ ግን አልቆየም። «ታዲያ ማን ነው የሠራው?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ካልኩሌተር መስኮቱን አየች። ዕውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሲጠራ ሁሉም ማየት የሚወድ ግን አይደለም።

«እስከዚህ ድረስ ማታለል ነው፤ መግደል አይደለም» አለች ወንፊት። «እሑድ ክሬሙን ሲሠራ እህቱ ትሞታለች ብሎ አላሰበም። ኃጢአቱ ያለው እዚያ በር ላይ ነው። ጉንዳኖቹ ሰኞ ዕለት የፈሰሰ ሻይ ላይ ነው የተሰበሰቡት። ስኳር የበዛበት ሻይ ነው። ጋሼ ያለ ስኳር ይጠጣሉ። ባለሙያዋ ሻይ አትጠጣም። እርስዎስ እማማ?»

«ልጄ ካቆመች ጀምሮ እኔም አቁሜያለሁ።»

«መጋዘን ነበርኩ ያለኝ ሰው ደግሞ እናቱ በግራ እጃቸው እንዳጎረሱ ነገረኝ። ይህንን ማየት የሚችለው ከኋላቸው፣ ሻይ በእጁ ይዞ የቆመ ሰው ብቻ ነው።»

ማሙሽ ብርጭቆውን ሊያስቀምጥ ሞከረ፤ ጠረጴዛውን ሳተውና እግሩ ሥር ተሰበረ።

«አንድ ቀን ብቻ ነበር የፈለግሁት» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጠነ። «ስኳር እንደሌለው ኩባያውን ሳይ አወቅሁ። ግን ሆስፒታል ብትገባ፣ ማክሰኞን ሳትኖር ብታሳልፈው፣ ናሙናው ያልፋል ብዬ… ሐኪም ያነቃታል ብዬ… ሻዩ ከእጄ ፈሰሰ። ዞሬ ሄድኩ። አንድ ቀን ብቻ፣ እማዬ።»

«ከልጄና ከእኔ አንዳችን ብንሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ እናትየው ለወንፊት። ወቀሳ አልነበረም፤ እውነታቸውን ነው። የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው የሚለውን ተረት እስከዚያ ቀን ሌላ ሰው ሲተርተው ነበር የሚሰሙት።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ማሙሽ፣ ሻይህ ስንት ማንኪያ ነበረው?»

ማሙሽ እግሩ ሥር ያለውን ስብርባሪ አየ።

«ስንት ነበረው?»

«አራት።»

እናትየው ካልኩሌተርን አዩ። «እሷን ለመመለስ ስንት ይበቃ ነበር?»

ያለ ሒሳብ መልስ ሰጥታ የማታውቀው ሴት የዚያን ቀን ምንም አላሰላችም። «ሁለት፣ እማማ። እስኪደርሱላት ሁለትም ያቆያት ነበር።»

ያኔ ስምንት ሰዓት ሞላ። ከመሳቢያው ውስጥ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ፖሊሱ ደነገጠ፤ ሌሎቹ ሁሉ ባሉበት ደረቁ። ማሙሽ የተሰበረውን ብርጭቆ ረግጦ ወደ መሳቢያው ሄደና ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ።

«ተወው» አሉ እናቱ። «ያኔም ስትጠራ ሰምተሃታል። አሁንም ቁምና ስማት።»