ከመሳለሚያው በላይ

«ይህችን ከየት አመጣሻት?» አለ ግንበኛው ወልደአረጋይ።

ሸዋወርቅ ገመዱን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቀጥ ብላ ቀረች። ከጀርባዋ የወረደው ድንጋይ ማዕዘኑ የተስተካከለ፣ በአንድ ጎኑ መስቀል የተቀረጸበት ነው። የወንዝ ድንጋይ እንዲህ አይደለም። የወንዝ ድንጋይ ድቡልቡልና እልኸኛ ነው፤ ወልደአረጋይ ወደ ግድግዳው የሚያስገባው በመዶሻ እየለመነ ነው።

«ከመንገድ ዳር» አለች።

«የትኛው መንገድ? እንዲህ ያለ ካለማ ተገላገልን! ወንዝ መውረድ ቀረ!»

በግቢው ውስጥ ሸክሙን ያራገፈ ሁሉ ዞር አለ። እናቷ አሰገደችም ወገቧን በሁለት እጇ ደግፋ ዞር አለች። «ወንዝ መውረድ ቀረ» ሲባል ፊቷ ላይ ብልጭ ያለው ተስፋ የሸዋወርቅን አንጀት በላው።

ንጉሡ ሰፈራቸውን ወደ እንጦጦ ካዛወሩ ወዲህ፣ በአንኮበር ሥር ባሉት መንደሮች ጉልበት ያለው ወንድ ተመናምኗል። የሸዋወርቅ አባትም ጓዝ ጭኖ እንደወጣ አልተመለሰም። የአቦ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ግን ክረምት ሳይገባ ማለቅ ስላለበት፣ ሴቱም ሽማግሌውም ልጁም ወንዝ እየወረደ ድንጋይ ያወጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ የደብሩ አለቃ ኪዳነ ማርያም፣ ሰው በደከመ ቁጥር። ተረቱን የተረተው ሰውዬ ከሎሚ በቀር ምንም ተሸክሞ እንደማያውቅ ሸዋወርቅ እርግጠኛ ነበረች።

የዳገቱ እኩሌታ ላይ መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ አለ፤ መሳለሚያ ይሉታል። እዚያ የደረሰ ሁሉ ሸክሙን አውርዶ፣ ወደ ጫካው ዞሮ፣ እጅ ነስቶ ያርፋል። የሸዋወርቅ ገመድ የተበጠሰው እዚያው ላይ ነበር። ማሰሪያ የሚሆን ሐረግ ልትቆርጥ እሾኩን ጥሳ ወደ ላይ ስትወጣ፣ ቅጠልና አፈር የለበሰ ክብ የግንብ መሠረት አየች። የተጠረበ ድንጋይ እንደ ልብ ነው። የወንዙን ድንጋይ እዚያው ጥላ አንዱን አዘለች። ማን ያየኛል ብላ ነው፤ ደግሞም ደስ ብሏት ነበር።

አመሻሹ ላይ የእናቷን ወገብ በለጋ ቅቤ ታሸው ጀመር።

«ከመንገድ ዳር አይደለም፤ አይደል ሸዋዬ?» አለች አሰገደች።

«አይደለም።»

«በይ ነገ ለወልደአረጋይ አሳዪው። እኔ ልጄ፣ ከእንግዲህ ያንን ዳገት አልችለውም።»

ሸዋወርቅ ማሸቷን አላቆመችም። «እምዬ፣ መሳለሚያው ላይ የምንሳለመው ማንን ነው?»

«አቦን ነዋ! ማንን ልንሳለም ኖሯል?»

«አቦ እኮ ከኋላችን ነው የሚሆነው። እኛ የምንዞረው ወደ ጫካው ነው።»

«እናቴ እንደዚያ ስታደርግ አየሁ፣ አደረግሁ» አለች አሰገደች። «አሁን እሺው፣ እዚህ ጋ ጠበቅ አድርጊው።»

በማግስቱ ወልደአረጋይ መቆፈሪያውን በትከሻው አድርጎ ከተሸካሚዎቹ ጋር ወረደ። መሳለሚያው ላይ ሁሉም እንደ ልማዱ ቆመ። እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጭብጥ የምታክል ድንጋይ ቋጥረው ከሰው እኩል የሚመላለሱት ባልቴት፣ ከሁሉም ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። ሸዋወርቅ የሚሰግዱለትን ነገር ትናንት ነቅላ አዝላው ነበር። እፍረቱ እስከ ጆሮዋ አቃጠላት።

«ነይ ምሪኝ እንጂ!» አለ ወልደአረጋይ።

«ብቻህን አይሆንም። ሁላችሁም ገመዳችሁን ተዉትና ኑ።»

እያጉረመረሙ ወጡ፤ አሰገደችም ወገቧን ይዛ ከኋላ ተከተለች። መሠረቱን ሲያዩ ግን ጉርምርምታው ቆመ። እማሆይ ተንበርክከው መድረኩን ሳሙ።

«የድሮው አቦ ተቃጠለ ትል ነበር አያቴ» አሉ። «የት እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም ነበር።»

ወልደአረጋይ በዓይኑ ድንጋዩን እየለካ ነው። «በዚህማ ግድግዳው ፋሲካ ሳይደርስ ያልቃል።»

ከተሸካሚዎቹ ጋር አብረው የወረዱት አለቃ ኪዳነ ማርያም ተቀመጡ። እሳቸውም ደክሟቸዋል። «ከአቦ ወደ አቦ ነው የሚሄደው» አሉ፤ «ነውሩ ምኑ ላይ ነው?»

ነገሩ ለደከመ ጆሮ ይጥማል። ሸዋወርቅ ራሷ ወደ እናቷ ወገብ አየችና ልቧ አመነታ።

«ይሁን፣ ውሰዱት» አሉ እማሆይ። «ነገ ታዲያ መሳለሚያው ላይ የምንሰግደው ለማን ነው? ለጉድጓዱ?»

አለቃ ረጅም ተነፈሱ። «የሚሸከመው ሕዝቡ ነው፤ ሕዝቡ ይናገር።»

ሕዝቡ ግን እግር እግሩን እያየ አንድ በአንድ ወደ መሳለሚያው ወርዶ ከገመዱ አጠገብ ተቀመጠ። ወልደአረጋይም መቆፈሪያውን ተደግፎ ቆመ፤ የሚያዝዘው አጣ።

ሸዋወርቅ አልተቀመጠችም። ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሄደች። መስቀል ያለበት ድንጋይ ከግድግዳው ጫፍ ተቀምጧል፤ ጭቃ ገና አልነካውም። አውርዳ በሐረጉ አሰረችው። ትናንት እንዲህ አልከበዳትም ነበር።

መሳለሚያው ላይ ስትደርስ ሰዉ ሁሉ ያያታል። ወደ ጫካው ከመታጠፏ በፊት እናቷ ፊት ቆመች።

«እምዬ፣ ይቅር በዪኝ። ከዛሬ ጀምሮ ያንቺንም ተራ እኔ እወርዳለሁ።»

አሰገደች ልጇንም ድንጋዩንም እያፈራረቀች አየች። ከተቀመጡት አንዱ ተነሥቶ ገመዱን በትከሻው ጥሎ ቁልቁል ወደ ወንዙ አቀና። ሌላውም ተከተለው።

«እኔ አላግዝሽም» አለች አሰገደች በመጨረሻ። «ወገቤ እምቢ ብሏል።»

«አውቃለሁ።»

አሰገደች መሬቱን ተመርኩዛ ተነሣች። እያነከሰች ልጇን ቀድማ ወደ ጫካው ገባች፤ የእሾኩንም ቅርንጫፍ በነጠላዋ ይዛ ወደ ጎን ሳበችው።

«እለፊ» አለቻት።