የፈትሌ ድሪቶ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ በዛምሪት ምድር ፀሐይ ዓይነ ርግብ ስለለበሰችበት ዘመን ልነግራችሁ ነው።

በዚያ አገር ልብስ ዝም ተብሎ አይለበስም ነበር። ሴት ልጅ ቀሚሷን ስታጠልቅ ታሪኩን እየነገረች ነው፤ ማን ፈተለው፣ ማን ሰፋው፣ ከእሷ በፊት ማን ለብሶት አለቀሰ፣ ማን ለብሶት ጨፈረ። ከልብስ ሁሉ የከበሩት በንግሥቲቱ አዳራሽ የነበሩት የአራቱ ቀደምት ሴቶች ልብሶች ናቸው። እጅጌው ሕፃን ጠቅልሎ የሚያስተኛው የወላዲቱ ነጭ ቀሚስ፤ ወገቡ በጠፍር የሚታሰረው የዘማቿ ቀይ ቀሚስ፤ ዘርፉ እንደ ውሃ መሬት ለመሬት የሚፈሰው የአፍቃሪዋ ሰማያዊ ቀሚስ፤ ከዋክብት የተጠለፉበት የአዋቂዋ ጥቁር ካባ። በየዓመቱ በአበባ ወር አራት ሴቶች አደባባይ ወጥተው እየተረኩ ይለብሷቸዋል። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅም ከአራቱ አንዱን ትመርጥና ዕድሜ ልኳን በዚያ አምሳል ትለብሳለች፤ በዚያው አምሳል ትኖራለች።

ኋላ ግን ንግሥት አዛሊት ሳሳችላቸው። «በእጅ ብዛት ያልቃሉ» ብላ በዝግባ ሣጥን አስቆለፈቻቸው። ሠላሳ ዓመት ፀሐይ ሳያዩ፣ ሳይራገፉ፣ አንድ ቃል ሳይነገርላቸው ተቀመጡ። ልጃገረዶቹ በተቆለፈ ሣጥን ፊት ቆመው በስም ብቻ መምረጥ ጀመሩ። ታሪኩም እያጠረ እያጠረ ሄዶ «ያው የድሮ ልብስ ነው» ከማለት በቀር ምንም አልቀረለትም።

ፈትሌ የሰፊዋ የእመት ለምለሚት ልጅ ነበረች። እናትና ልጅ የአገሩን ሴት ሁሉ ቀሚስ ይሰፋሉ። እመት ለምለሚት ከየቀሚሱ የተረፈችውን ቁራጭ አትጥልም፤ አንዱን ካንዱ እየቀጠለች ለልጇ ድሪቶ ሠርታላታለች። አራቱ ልብሶች ከመቆለፋቸው በፊት የጠገነቻቸው እሷ ነበረችና የእነሱም ቁራጭ እዚያው ድሪቶ ላይ አለ። የሰፈር ልጆች ፈትሌን ባዩ ቁጥር «ገበያ ቆመ፣ ኑ» እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራቸው ትስቃለች።

ፈትሌ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት ንግሥቲቱ አርጅታ ነበር። ሳልሞት አንዴ ልያቸው ብላ ሣጥኑን አስከፈተች። ልብስ የለም። ከሣጥኑ ግራጫ ዱቄት ቦነነ፤ ከዱቄቱ ውስጥ ክንፏ እንደ ድንኳን የሰፋ ብል ተነሣች። የብሎች ሁሉ እናት፣ እመ ብል ነበረች። የአዳራሹን ጣራ ጥሳ ወጣች፤ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከክንፏ የረገፈው አቧራ ብርሃኑን ሸፈነው፤ ቀኑም እንደ ሕልም ቀን ፈዘዘ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የዛምሪት ሴቶች ይረሱ ጀመር። እሹሩሩ የምትለዋ እናት መሐል ላይ ዜማው ይጠፋባታል። የምትወደውን ቀጥራ የወጣችው ልጅ ማንን እንደምትጠብቅ ሳታውቅ ምንጩ ዳር ትቆማለች። ፈትሌን ግን መርሳቱ አልነካትም፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባትም።

ሮጣ ቤቷ ገባች። እናቷ መርፌዋን ይዛ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየቻትና በትሕትና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።

«ግቢ ልጄ። ምን ልስፋልሽ? የማን ልጅ ነሽ?»

«ያንቺ ነኝ፣ እማዬ።»

እመት ለምለሚት ፈገግ አለች። «ብትሆኚማ ደስ ባለኝ። መልክሽ ደግ ነው። እኔ ግን ልጅ የለኝም።»

ፈትሌ ከእናቷ ጉልበት ላይ የወደቀችውን ክር አንሥታ አቀበለቻትና ወጣች።

በማግሥቱ ንግሥት አዛሊት ዘውዷን አውልቃ በሕዝቡ ፊት ቆመች። «የዛምሪት ሴቶች ሆይ፣ ስሙኝ። እንዳያልቁ ብዬ ዘጋሁባቸው፤ ዘግቼም አስበላኋቸው። እመ ብል ማንነታችንን በሆዷ ይዛ በአመድ ተራራ ሰፍራለች። እኔ በደሉን እንጂ መድኃኒቱን አላውቅም። የሚያውቅ ካለ ይነሣ፤ የማያውቅም የሚደፍር ካለ ይነሣ።»

ፈትሌ ወደ ፊት ወጣች። ሰው ድሪቶዋን አይቶ ሊያጉረመርም ሲል እጇን አነሣች። «በእናቴ መርፌ እምላለሁ፤ ስሜን የምትጠራበትን ቀን ሳላመጣላት ከደጇ አልደርስም።»

ከዘበኞቹ መሐል አንዲት ሽበታም ሴት ጦሯን እየጎተተች መጣች። ጋሻነሽ ትባላለች፤ ሰባት ዘመቻ የዋለች ናት። «እኔም አለሁበት» አለች። «የት እንደምንሄድ ብቻ በየመንገዱ እያስታወስሽኝ።»

ንግሥቲቱ ደመናይት የምትባለውን የጉም በቅሎ ሰጠቻቸው። ኮቴዋ መሬት አይነካም፤ ስትራመድ የሚሰማው የትንፋሽ ያህል ነው። ሦስት ቀን አበባው በሚያንቀላፋ ሸለቆ ተጓዙ። በአራተኛው ቀን ከባዘቶ ወንዝ ደረሱ። ውሃ የለውም፤ የተባዘተ ነጭ ጥጥ ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ የገባበት ሰው እንቅልፍ ወስዶት እዚያው ይቀራል።

«እንዋኝ?» አለች ጋሻነሽ።

«ተኝተሽ የምትዋኚ ከሆነ።»

«ባሌ ተኝተሽ ትራገጫለሽ ይለኝ ነበር። ባል ነበረኝ መሰለኝ።»

ፈትሌ ከደረቷ እንዝርቷን አወጣች። ዳር ተቀምጣ ከወንዙ እየሳበች ቀኑን ሙሉ ፈተለች፤ ሲመሽ ክሩን ገምዳ ገመድ አደረገችው። ጋሻነሽ ጫፉን በጦሯ ላይ አስራ ማዶ ካለ ዛፍ ሰካችው። የወንዙ እንቅልፍ ከበቅሎዋ ጀርባ እንዳይጥላቸው ገመዱን ይዘው ተሻገሩ።

የአመድ ተራራ ጫፍ ላይ እመ ብል ክንፏን ከድና ተጋድማለች። ጋሻነሽ ፎክራ ጦሯን አነሣች። ነገር ግን የክንፉ አቧራ ሲነካት እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ጦሩን እንደ ባዕድ ነገር አየችው፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች።

እመ ብል ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። «አልጠላኋችሁም። ሠላሳ ዓመት በጨለማ የተተወ፣ ማንም ቃል ያልተናገረለት ልብስ የእኔ ማዕድ ነው። የሚነገርለትን ጥርሴ አይበሳውም። አንቺንም እኮ አልበላሁሽም፤ እናትሽ እያንዳንዷን ቁራጭ ስትቀጥል እየነገረችሽ ነው ያለበሰችሽ።»

«የበላሽውን እንዴት ትመልሺዋለሽ?»

«ታሪኩን ከነቁራጩ ስጪኝ፤ በቁራጩ ዙሪያ ፈትዬ እመልሰዋለሁ። የሰጠሽኝ ግን ላንቺ አይተርፍም።»

ፈትሌ ከድሪቶዋ ቀይዋን ቁራጭ ተረተረች። «ዘማቿ ጠላቷን ስታይ ጉልበቷ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች። «ቀሚሱ የረዘመው መንቀጥቀጡ እንዳይታይ ነው። እየተንቀጠቀጠች ሄደች።» ከእመ ብል አፍ ቀይ ክር ፈሰሰ፤ ቁራጯን ከበባት፤ ቀሚሱም ሙሉ ሆኖ ቆመ። ጋሻነሽ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ፈትሌ ግን የመጡበትን ወንዝና የጋሻነሽን ጦር ረሳች።

ሰማያዊዋን ሰጠች። «ዘርፉ መሬት የሚጎተተው አፍቃሪዋ ዱካ ለመተው ብላ ነው፤ የሚወደኝ ይከተለኝ ስትል።» ጥቁሯን ሰጠች። «ከዋክብቱ አዋቂዋ መልስ ያጣችላቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ እንዳትረሳቸው በራሷ ላይ ጠለፈቻቸው።» ሁለቱም ልብሶች ቆሙ። ፈትሌ የሰፈሯን መንገድ፣ የሚስቁባትን ልጆች ሳቅ ረሳች።

ነጯ ቀረች፤ በልቧ ትይዩ፣ ታዝላ ባደገችበት ማዘያ ላይ ተጣብቃ የተሰፋችው። ቁራጯን ከማዘያው መለየት አይቻልም።

እመ ብል ራሷን ዝቅ አደረገች። «ልጄ ሆይ፣ ይህችን ከነገርሽ እናትሽ ታውቅሻለች። አንቺ ግን አታውቂያትም።»

ፈትሌ ነጯን ቁራጭ በመዳፏ ሸፈነች። ጋሻነሽም መጥታ አጠገቧ ቆመች። ልጅቱም መናገር ጀመረች፤ የተናገረችው ግን ስለ ጥንቷ ወላዲት አልነበረም። «እናቴ» አለች፣ «ክሩን በጥርሷ በጥሳ ጫፉን በምራቋ ታሾላለች። ስታመም እጅጌዋን አርጥባ ግንባሬ ላይ ታደርጋለች፤ እጅጌዋ እስኪደርቅ ሥራ አትይዝም። ስትቆጣኝ ፈትለወርቅ ትለኛለች፤ ሲበርድላት ፈትሌዬ።» ስፌቱን ተረተረችና ሰጠች፤ ማዘያው ሲሄድ በእሱ ላይ የተቀጠለው ድሪቶ ሁሉ ተበተነ።

ነጭ ክር እንደ ወተት ፈሰሰ። እመ ብል ሆዷ ባዶ ሲሆን ጥፍር የምታህል ነጭ ቢራቢሮ ሆና ቀረች፤ ብርሃን ፍለጋ በረረች። ፀሐይም ዓይነ ርግቧን ገለጠች።

ጋሻነሽ አራቱን ልብሶች ጭና፣ በስስ የውስጥ ቀሚስ የቀረችውን ልጅ በቅሎዋ ላይ አወጣቻት።

«ወዴት ነው የምንሄደው?» አለች ፈትሌ።

«ቤትሽ። በየመንገዱ አስታውስሻለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በዛምሪት ልብስ ተቆልፎበት አያውቅም። ንግሥቲቱ በገዛ እጇ ፀሐይ ላይ ሰቀለቻቸው። ሴት ልጅም አንዱን ምረጪ አትባልም፤ የዘማቿን ጠፍር ከወላዲቱ እጅጌ ጋር የምታደርግ፣ በካባው ሥር ሰማያዊውን ዘርፍ የምትጎትት ሞልታለች። ይህ ግን ኋላ የሆነ ነው።

ያን ቀን እመት ለምለሚት የበቅሎዋን ትንፋሽ ስትሰማ፣ መርፌዋ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ሮጣ ወጣች። «ፈትሌዬ።»

ልጅቱ ከበቅሎዋ ወርዳ በትሕትና እጅ ነሣች። «ይቅርታ እመት፤ የማን እናት ነዎት?»

ጋሻነሽ ልታስረዳ አፏን ከፈተች። እመት ለምለሚት በእጇ ዝም አሰኘቻት። የልጇን ትከሻ አየች፤ ድሪቶው የለም። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ልጇን ይዛት ገባች፤ ከመደቡ ላይ አዲስ ነጭ ሸማ አነሣች፤ በልጅቱ ትከሻ ላይ ዘረጋችው፤ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ጫፉን በምራቋ አሾለች።

በዚያ አገር ልብስ ዝም ተብሎ አይለበስም።

«ይህን ቀሚስ» አለች፣ «ገና ማንም አልለበሰውም። የምትለብሰው ልጅ ግን በዝናብ ቀን ተወለደች። ጣራው ያፈስ ነበር፤ እኔም የማለብሳት አጥቼ በገዛ እጅጌዬ ጠቀለልኳት...»

ፈትሌ ለልክ እንዲመች ክንዷን አነሣች።

«ከዚያስ?» አለች።