የበቅሎዋ ግራ ጎን

ባምላክ ከገነተ ማርያም ሲመለስ ገደል ገብቶ ከሞተ ወዲህ በቅሎው እንግዳ ጠባይ አመጣች። አንዱን ዝም ብላ ታስጠጋለች፤ ሌላው ገና ሲቀርባት በርግጋ ትራገጣለች። ለቀስተኛው «ሟቹ ከጎኗ ቆሞ ነው» እያለ ያማትባል። በእውነቱ ሲያዩዋት ታስፈራ ነበር።

ኢንስፔክተር ማኅሌት የመጣችው ግን በሕያው ሰው ጉዳይ ነው። የሟች ሚስት ይማርሽ «ወንድሜ አለሜ ገፍቶ ጣለው» ብላ ቃሏን በመስጠቷ አለሜ ታስሯል።

«ሲገፋው አይተሻል?»

«አላየሁም። ብቻቸውን ነበሩ። በዋዜማው ግን በበሬው ነገር ተጣልተዋል።»

ባምላክ እንግዳ እያመላለሰ ሊተዳደር አስቦ የእርሻ በሬውን በቅርቡ በጎረቤቱ በደርበው በቅሎ ለውጦ ነበር። አለሜ ይህን አልወደደም።

ማኅሌት ደርበውን አስጠራችው።

«ስትለዋወጡ ነውሯን ነግረውታል?»

«ጠየቀኝ፤ ነውር የለባትም አልኩት። እኔ የማውቀው የለም። ደግሞስ የሚወስድ ሰው ዓይን የለውም?»

«እስቲ በቅሎዋን ይያዙልኝ።»

ደርበው በግራዋ በኩል መጣ። ጥቂት ርምጃ ሲቀረው «እሺ፣ እሺ» አላትና አንገቷን ዳብሶ ያዛት። በቅሎዋ ንቅንቅ አላለችም።

በሣልስቱ ዕለት ማኅሌት አለሜን አስመጥታ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ነጠላዋን በበቅሎዋ ግራ ዓይን ፊት አወናጨፈች። ዓይኑ አልተርገበገበም።

«በዚህ ዓይኗ አታይም። የሚያስበረግጋት በግራ የሚመጣ ሰው እንጂ ሙት አይደለም። ሲሄዱ ገደሉ በቀኟ ስለነበር አይታዋለች፤ ሲመለሱ በግራዋ ሆነ። በሞተ ማግስት ዱካዋን ተከትያለሁ፤ ቀስ በቀስ ወደ አፋፉ ተጠግታ አፈሩ ሲናድባት እሷ ዘልላ ተርፋለች፤ ባምላክ ግን ከጀርባዋ ወደ ገደሉ ወድቋል። አለሜ፣ የእግሩ ዱካ እንደሚያሳየው፣ ሃያ ርምጃ ከኋላ ነበር፤ ከዚያ ነው ሮጦ የመጣው።»

«እኔ በምን አውቄ!» አለ ደርበው።

«ባያውቁ ኖሮ ስሕተት ነው እንል ነበር። ነገር ግን በግራ ሲቀርቧት ቀድመው ድምፅ የሰጧት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ደርበው አንገቱን ደፋ። «በሬው አስጎመጀኝ» አለ።

«ይህ ማታለል ነው፤ ለሟቹም ነፍስ ይጠየቁበታል። ፍርድ ቤት ልውውጡን ያፈርሰዋል። በሬው ወደ ይማርሽ፣ በቅሎዋም ወደ እርስዎ ትመለሳለች።»

ይማርሽ ወንድሟን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«ልውውጡስ ይፈርሳል» አለች። «እኔ በወንድሜ ላይ የሰጠሁትን ቃል ምን ያፈርስልኛል?»

አለሜ ካቴናው የላጠውን እጁን እያሻሸ ከወንዶቹ መካከል ተቀመጠና፣ ታስሮ ያላለቀሰለትን አማቹን ማልቀስ ጀመረ።