ውሻ ያዙልን

ትርፌ መጀመሪያ የቀናችው በገዛ ውሻዋ ነው።

ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ካለው ቤታቸው ፊት ለፊት፣ አንድ ወጣት ለሦስት ሳምንት ድንጋይ ላይ እየተቀመጠ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲስል፣ የሚስለው እሷን መስሏት ነበር። ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ፀጉሯን ታስተካክላለች፤ ሁለት ቀን እንዲያውም በዓል ሳይሆን የበዓል ነጠላዋን ለብሳ ወጥታለች። አንድ ቀን ደፍራ ጠጋ ብላ ብታይ፣ ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር ውሻዋ ቡላ ነው። ቡላ ተኝቶ፣ ቡላ ሲያዛጋ፣ ቡላ ቆሞ።

«እኔስ የት አለሁ?» አለች፤ ከአፏ አምልጧት።

ወጣቱ ወንዳወቅ ቀና ብሎ አያትና ወዲያው አቀረቀረ። «አንቺን ልስል ስል እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ከተማ ውስጥ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፈ የሚኖር ልጅ ነው። ውሻ መሳል ለምን እንደሚወድ ስትጠይቀው፣ ሰው እንደሚሳል ሲያውቅ ፊቱን ያሳምራል፣ ውሻ ግን እንዳለ ነው አላት። ትርፌ ነጠላዋን አስታውሳ አፈረች። ከዚያ ወዲያ የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር መገናኘት ሆነ፤ ክረምቱ ሳይገባ ወንዳወቅ ሽማግሌ ላከ።

ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። የቡላን ምርጥ ሥዕል ለአባቷ ለአቶ ይሄይስ እጅ መንሻ ብሎ በሽማግሌዎቹ እጅ ላከው። አቶ ይሄይስ የቡላን አንገት እንደያዙ ሥዕሉን አዩ። ውሻው ቆሟል፤ የኋላ ግራ እግሩን ግን አንሥቷል።

«የኔን ውሻ አንካሳ? ቤቴን ሊያሰድብ ነው?» አሉና የውሻውን አንገት ለቀቁት።

በዚያ አገር እንግዳ የሚፈልግ ሰው ውሻውን ይይዛል። የለቀቀ መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው። የሽማግሌዎቹ አውራ ጋሽ ምንዋጋው ጋቢያቸውን አጥሩ ላይ ትተው ነው የሮጡት።

ትርፌ ስታለቅስ አድራ በማግስቱ ወንዳወቅ ዘንድ ሄደች። እግሩን መሬት ቢያስነካው ምን ነበረበት? አንድ መስመር እኮ ነው!

«ያን ስስል እግሩን ሲያሳርፍ አላየሁትማ» አለና ደብተሩን ገለጠላት። መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ቡላ በአራት እግሩ ቆሟል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁሉ አንዷ እግር ከመሬት ከፍ ብላለች። ሰው ሲመጣ ለመጮህ ሲሮጥ ይረሳታል፤ ብቻውን ሲሆን ያነሣታል።

ትርፌ ወደ ቤቷ ሮጠች። የቡላን እግር ስትነካ አጉረመረመባት።

«አባ፣ አንገቱን ይያዙልኝ።»

አቶ ይሄይስ እያጉተመተሙ ያዙላት። በመርፌ ብትቆፍር፣ ከመዳፉ ሥር የጣት አንጓ የሚያህል የግራር እሾህ መግል ይዞ ወጣ። አባቷ እሾሁን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላብጠው አዩት።

«እኔ በየቀኑ እያበላሁት ያላየሁትን፣ ያ ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየው» አሉ በመጨረሻ። «አንቺም ቢከፋሽ ያያል ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ይምጡ በይው።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን አጥብቀው ይዘው መጡ። ጋሽ ምንዋጋው ከሩቅ ቆሙ፤ ሁለተኛ ጋቢ የላቸውም።

«ውሻ ያዙልን!»

ትርፌ ከውስጥ ሆና ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች።

«ይዘናል፣ ግቡ!» አሉ አባቷ።

በበሩ ሽንቁር ብታይ፣ በሁለት እጃቸው የቡላን አንገት አቅፈውታል። ቡላ በአራት እግሩ ቆሟል። ከማዶ ደግሞ፣ የሚያገባ ሰው በዚያን ቀን ዝር ማለት እንደሌለበት እያወቀ፣ ወንዳወቅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይስላል።

ሥዕሉ ዛሬ ቤታቸው ግድግዳ ላይ አለ። ውሻ የለበትም። በበር ሽንቁር የምታይ አንዲት ልጅ ናት፤ መስመሩም ሁሉ የተንቀጠቀጠ ነው።