ብራና የለበሰ ግራሞፎን

«አሁንም ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም» አለች ሙላቷ፣ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ።

ደብሪቱ መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሳች። ጓደኛዋ እውነቷን ነው። ዘፋኙ ሲጀምር ማሲንቆውን እያባበለ በለሆሳስ ነበር የሚነሳው፤ ቤቱን የሚሞላው ኋላ ነው። አሁን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ አዋጅ ነጋሪ ይጮኻል። አጎቷ አቶ አወቀ ደግሞ ያቺን የለሆሳስ መነሻ ነበር ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሰሟት። ነገ ሊገቡ ነው።

ግራሞፎኑ የእሳቸው ነው። የዛሬ አምስት ዓመት ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ ለእናቷ አደራ ሰጥተው ጫካ ገቡ። «ማንም እንዳይነካው!» ነበር የመጨረሻ ቃላቸው። እናቷም ጎታ ውስጥ በጤፍ ቀብራ ስንት ፍተሻ አሳለፈችው። ጣሊያን ከተማውን ለቆ የወጣ ዕለት ግን ደብሪቱ ደስታዋን መያዝ አቃታት። ማንም ሳያያት ከጤፉ ውስጥ አወጣችው፤ መርፌው የሚሰካበት ጭንቅላቱ ከእጇ አምልጦ ወደቀ። በውስጡ እየተርገበገበች ድምፅ የምትሰጠው ስስ ክብ ገበታም ለሁለት ተሰነጠቀች። ጠላት አምስት ዓመት ፈልጎ ያጣውን እሷ በአንድ ቀን ሰበረችው።

«ጣሊያን ሰበረው በያ!» አለች ሙላቷ። «የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ አንድ ብትጨምሪበት ማን ይጠይቅሻል?»

ማንም አይጠይቃትም። ደብሪቱን የጨነቃትም ይኸው ነበር።

በተሰበረችው ፈንታ ብራና ከሚፍቁት አባቷ ቁርጥራጭ አንዱን ክብ አድርጋ ቆርጣ ወጥራበታለች። በዚያም አላበቃችም። የደብሩ ከበሮ ከማኅሌት በፊት እሳት ዳር ሲሞቅ እያየች ስላደገች፣ እሷም ፍም አስጠግታ አሞቀችው። ብራናው ተወጥሮ ድርቅ አለ፤ ድምፁም አብሮት ደረቀ።

ተስፋ ቆርጣ ወደ ጓሮ ወጣች። አባቷ አቶ ጀምበሩ የፍየል ቆዳ እንጨት ላይ ወጥረው ይፍቃሉ። ነፋስ ሲመጣ ያልተፋቀው ወገን ዝም ሲል የተፋቀው እንደ መንሾካሾክ አለ።

«አባዬ፣ በዚህ በኩል ብቻ ለምን ድምፅ ያሰማል?»

«ስለሳሳ ነዋ! ወፍራም ቆዳ ዱላ ካላረፈበት አይናገርም። ስሱ ግን ለነፋስም መልስ ይሰጣል።»

ደብሪቱ ባለችበት ቆመች። ከበሮን የሚመታው የደብተራ እጅ ነው፤ የእሷን ብራና የምትመታው ግን አንዲት መርፌ ናት! ከአባቷ መፋቂያ ድንጋይ አንዱን ይዛ ወደ ቤት ሮጠች። ብራናዋን ብርሃን እስክታሳልፍ ድረስ ፋቀቻት፤ ውጥረቷን አላላችላት፤ ጠርዟን በሰም ያዘችው። ከዚያ መርፌውን ሸክላው ላይ አስቀመጠች።

ማሲንቆው ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ ብሎ መጣ። ዘፋኙ በለሆሳስ ጀመረ፤ ከፍ አለ፤ ቤቱን ሞላው፤ መልሶ ዝቅ አለ። ሙላቷ እጇን ከጆሮዋ አወረደች። ደብሪቱ ግን ሳቅና እንባ ተቀላቅሎባት መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች።

በማግስቱ አቶ አወቀ ገቡ። ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ከስተዋል፤ የእግራቸውን አቧራ እንኳ ሳይታጠቡ ግራሞፎኑ ፊት ተቀምጠው መዘውሩን አዞሩ። ያቺ መነሻ ስትሰማ እንደ ጥንቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እንዲህ አድርጎ ዘፍኖልኝ አያውቅም» አሉ ሲያበቃ። «ወይስ ጫካ ብዙ ቆይቼ ነው?»

«ጣሊያን እጁን ሳያሳርፍበት ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አለች እናቷ።

ሙላቷ ከበሩ ጥግ በዓይኗ ጠቀሰቻት። አሁን መዋሸት እንኳ አያስፈልግም፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል።

ደብሪቱ ተነሳች። የግራሞፎኑን ጭንቅላት ነቀለችና በሁለት እጇ ለአጎቷ ዘረጋችላቸው።

«ጋሼ፣ ይቺን ይዩልኝ። የድሮዋን እኔ ነኝ የሰበርኳት። ይቺ የአባዬ ብራና ናት።»

እናቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አቶ አወቀ ጭንቅላቱን ወደ በሩ ብርሃን አድርገው ብዙ ጊዜ አገላብጠው አዩት። በብራናዋ ጠርዝ ላይ ከተበላሸ መጽሐፍ የቀረች ቀይ ነጠብጣብ ነበረች። በጥፍራቸው ጫፍ ነካ ሲያደርጓት በስሱ መለሰችላቸው።

ከዚያ ጭንቅላቱን ለደብሪቱ መለሱላትና ከግራሞፎኑ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

«በይ ድገሚልኝ» አሉ ዓይናቸውን እየጨፈኑ። «አንቺው አዙሪው።»