ዶቃ የታሰረበት ጠርሙስ

ሴቪል ትራሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በፕላስተር ጸጉር ትለቅም ነበር። ፕላስተሩን ትጫነዋለች፤ ቀስ ብላ ትልጠዋለች፤ እንደ ቅንድብ ያጠሩ ቡናማ ጸጉሮች ተጣብቀው ይወጣሉ። ባሏ ሩሒ የጸጉር ንቅለ ተከላ ካደረገ ወዲህ፣ በተለይ ሰሞኑን፣ የጠዋት ሥራዋ ይህ ሆኗል። ሰው ቤት ከመጣ እንኳ ምንም አያይም።

ትራሱ ግን የትናንቱ ነበር። ሩሒ ከሚዘፍንበት የሠርግ አዳራሽ ሳይመለስ ነጋ።

በሩ ተንኳኳ።

«ቫዮሊን መቺዋ አባረረችህ?» እያለች ከፈተችው።

በሩ ላይ የቆመችው ግራጫ ካፖርት የለበሰች አጭር ሴት ነበረች።

«ኢንስፔክተር ሐንዳን እባላለሁ። ቢቀመጡ ይሻላል፣ እህቴ።»

«ቆሜ ልስማው።»

«ባለቤትዎ ሞተው ተገኝተዋል። አዳራሹ ጓሮ፣ ወደ መልበሻ ክፍል ከሚያወጣው የብረት ደረጃ ሥር።»

ሴቪል ተቀመጠች። ፕላስተሩ ጣቷ ላይ እንደተጣበቀ ነበር።

ሐንዳን ታገሠቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ትናንት ማታ እርስዎን ጓሮው ውስጥ ያዩ ሰዎች አሉ» አለች።

«ነበርኩ። ከዚያች ልጅ፣ ከኔርሚን ጋር ሲወጣ ልይዘው ነበር የሄድኩት። ብርዱ ሲብስብኝ ተመለስኩ።»

«ይቀኑ ነበር?»

«ራሰ በራ ሆኖ ሃያ ዓመት የኖረው ከኔ ጋር ነው። አንድም ቀን ጸጉር አምጣ አላልኩትም። ታዲያ ለማን ነው የተከለው?»

«ይህን ሲሉ ጥርጣሬውን ወደ ራስዎ እየጎተቱት እንደሆነ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ቅናቴን ግን ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ብደብቀው ማን ያምነኛል?»

ሐንዳን ከኪሷ መሃረብ አወጣች። ቡናማ እድፍ ነበረበት።

«ከግንባራቸው የጠረግኩት ነው። ደም አይደለም። ምንድን ነው?»

«እሱን አልናገርም። አስምሎኛል።»

ሐንዳን አሸተተችውና ወደ ኪሷ መለሰችው። ቀጥላ ከሩሒ ቦርሳ ውስጥ የተገኘውን፣ ሐኪም ጸጉር ለተተከለላቸው የሚሰጠውን የሻምፖ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አቆመች። ከአንገቱ ላይ ሰማያዊ ዶቃ ተንጠልጥሏል።

«ዶቃውን ያሰሩት እርስዎ ነዎት?»

«ከክፉ ዓይን እንዲጠብቀው ብዬ።» ሴቪል ጠርሙሱን አነሳችው፤ ፊቷ ተለወጠ። «ባዶ ነው! ትናንት ቦርሳውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ግማሽ ድረስ ነበረው። ክሩም የኔ አይደለም። እኔ በቀይ ሐር ነበር ያሰርኩት፤ ይሄ ግራጫ ሱፍ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ባለወርቅ ቀለም ወንበሮች ተደራርበው ቆመዋል። ኔርሚን ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ቫዮሊኗን ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ከሩሒ ጋር ምን ነበራችሁ?» አለቻት ሐንዳን።

«ምን ይኖረናል? ሩሒ አቢ ነበር የምለው፤ እንደ ታላቅ ወንድሜ። ሚስቱ ግን በመስኮት ስትሰልለኝ ዜማው ይጠፋብኛል። አንድ ቀን ቡና ጋብዣት ልገላገል ብዬ ነበር።»

«ዘፍኖ ሲጨርስ ምን ያደርጋል?»

«ቦርሳውን ይዞ መልበሻ ክፍል ይገባል፤ በሩን ይቆልፋል። ሲወጣ ራሱ እርጥብ ነው፤ ኮፍያ ያጠልቃል። ለምን ብዬ ስጠይቀው ‹ላብ ነው› ይለኛል። ትናንት ማታ ወደ ደረጃው ሲሄድ አየሁት፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም።»

ሌላው ዘፋኝ ቱንጃይ ምድጃው አጠገብ ሻይ እየጠጣ ነበር። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል፤ ግራጫ የሱፍ ኮፍያውን ግን አላወለቀም።

«አንድ መድረክ፣ አንድ ማይክሮፎን ነበር የምንጋራው» አለ። «የተተከልነውም በአንድ ቀን ነው። እብጠቱ ከግንባራችን ወደ ዓይናችን ሲወርድ የተደበደበ ቦክሰኛ መስለን ነበር፤ እየተያየን ስንስቅ ስፌታችን አመመን። ቁጭ ብለን ተኛን። ጎንበስ አትበሉ ስለተባልን የጫማችንን ክር ሰው ነበር የሚያስርልን። ቅርፊቱ እስኪረግፍ ያሳከከን ማሳከክ፣ ጠላቴንም አይንካው!»

«አሁንስ ጸጉርዎ እንዴት ነው?»

«እንደ ገብስ ቡቃያ!» ኮፍያውን ወደ ጆሮው ሳበው። «የሱ ግን ያስቀና ነበር። መብራት ሲያርፍበት ሙሽራዋ እንኳ ሙሽራውን ትታ እሱን ታያለች። የአዳራሹ ባለቤትም የመዝጊያውን ዘፈን ከኔ ነጥቆ ለሱ ሰጠው።»

ሐንዳን የኮፍያውን ጠርዝ አየችው። ተተርትሯል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሴቪልና ኔርሚን በሁለት ጫፍ ተቀመጡ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ።

«የመጣችሁት ሴቪልን ልትይዙ ነው መሰለኝ» አለ ቱንጃይ።

«መጀመሪያ ስለዚህ ጠርሙስ እንነጋገር» አለች ሐንዳን። «ሟቹ ራሳቸው ላይ ቡናማ ዱቄት ነበረባቸው። የሳሳ ጸጉር ለመሸፈን የሚነሰነስ ነው። ከመድረክ በኋላ በራቸውን ቆልፈው የሚታጠቡት እሱን ለማስለቀቅ ነበር። ትናንት ግን ዱቄቱ አልታጠበም፤ ስለዚህ መልበሻ ክፍሉ ሳይደርሱ ነው የሞቱት። ያልታጠበ ሰው ሻምፖውን እንዴት ጨረሰው?»

«አልጨረሱትም። ሰው ግማሽ የቀረውን ጠርሙስ ወስዶ ባዶውን አስቀመጠ። ዶቃውንም አዛወረ፤ ክሩ ሲበጠስበት ሌላ ክር ከለበሰው ላይ መዘዘ። ሴቪል አይደለችም፤ የገዛ ቋጠሮዋን አትለውጥም፣ ለውጣም አትነግረኝም። ኔርሚን ደግሞ ሻምፖው ምን ያደርግላታል? እንዲህ ያለ ባዶ ጠርሙስ ያለው ከሩሒ ጋር የተተከለ ሰው ነው። ቱንጃይ፣ ኮፍያዎን ያውልቁ።»

ቱንጃይ ኮፍያውን አወለቀ። ከፊት ለፊት ራሱ ላይ የቀረው ጥቂት ጸጉር እንደ ተነቀለ ሣር ነበር።

«ረገፈ!» ብሎ ጮኸ። «የኔ ትራሴ ላይ ሲረግፍ የሱ እያማረበት ሄደ! በአንድ ቀን፣ በአንድ ሐኪም እጅ! ለሱ እውነተኛውን መድኃኒት፣ ለኔ ውኃ ሰጥተውን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ደረጃው ላይ ባዶ ጠርሙሴን አሳይቼ ‹ያንተን ስጠኝ› አልኩት። ሳቀ። ገፋሁት... ልገድለው አልነበረም።»

«ግማሽ የቀረውን ጠርሙስ ዛሬ ቤትዎ፣ መታጠቢያው ላይ አገኘነው። አንገቱ ላይ የቀይ ሐር ቁራጭ ቀርቶበታል» አለች ሐንዳን። «የተከላችሁን ሐኪምም አነጋግሬያለሁ። ሁለቱ ሻምፖዎች አንድ ናቸው። የተተከለ ጸጉር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረግፋል፤ ሥሩ ቆዳ ውስጥ ይቆያል፤ ከወራት በኋላ እንደገና ይወጣል። ይህን ለሁለታችሁም ነግሯችኋል።»

«እሱ ሲናገር እኔ መስታወት አይ ነበር» አለ ቱንጃይ በቀስታ። «የሩሒስ?»

«ሬሳ ክፍል ራሳቸውን አጠብኩት። ከዱቄቱ ሥር ያለው ከእርስዎ አይሻልም። የቀኑት በዱቄት ነው።»

ቱንጃይ ባዶ ግንባሩን በመዳፉ ዳሰሰ። «ታዲያ የኔም ይበቅላል ማለት ነው?»

«ይበቅላል። እስር ቤት ሆነው።»

ሲወስዱት ኔርሚን ከጫፏ ተነስታ ወደ ሴቪል መጣች። «ዱቄት መሆኑን በእግዜር አላወቅኩም ነበር» አለቻት። «አማረብህ እለው ነበር።»

ኔርሚን እንድትቀመጥ ሴቪል ቦርሳዋን ከጎኗ ወንበር ላይ አነሳችላት። ከዚያ ሐንዳንን ቀና ብላ አየቻት።

«ለማን እንደተከለው አልነገርሽኝም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ማለቷን ሐንዳን ልብ አለችው፤ ቅር አላላትም።

«እሱን ማወቅ አልችልም። ከሰው ሁሉ ደብቆ ባዶ ራሱን የሚያሳየው ግን ለአንቺ ብቻ ነበር።»

ሴቪል ቤቷ ስትደርስ ትራሱ እንደተወችው ነበር። ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ፕላስተሩን አንዴ ተጫነችው፤ ላጠችው። የቀሩት ሦስት አጫጭር ጸጉሮች አብረው ወጡ። ፕላስተሩን አጠፈችና ከመርፌዎቿ ጋር የቆርቆሮ ሣጥኗ ውስጥ አኖረችው፤ የትራሱን ልብስ በእጇ ዳምጣ ትራሱን በሩሒ በኩል አልጋው ላይ አስቀመጠችው።